ማን ይቅደም? የ‹‹ሰቀቀን መቃብር›› ታሪክ

እስኪ አንድ ጊዜ አብረን እናስብ፡፡ አምስት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፡፡ ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ ረጅም መተላለፊያ አቋርጠው መጨረሻው ላይ ደርሰዋል፡፡ የደረሱት በወሬ ነው እንጂ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም፡፡ ፊት ለፊታቸው አንድ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት ተቀርጿል፡፡ አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፡፡ ከአምስቱ አንዱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደገውን ጀግና የያዘው፣ ደረቱን ነፍቶ ‹‹እኔ እገባለሁ›› ይላል፡፡ የጨዋታው መሪ ወረቀቱን አየት ያደርግና ‹‹ሞተሃል›› ይለዋል፡፡ ዳይስ አልተወረወረም፡፡ ውጊያ አልነበረም፡፡ የሚቀበር ሬሳ እንኳን የለም፤ በአፉ ውስጥ ያለው ጨለማ የነካውን ሁሉ ከነአጥንቱ የሚያጠፋ ነገር ነውና፡፡

ይህ ፊት የሚገኝበት ጨዋታ በእንግሊዝኛ ስሙ ‹‹ቱም ኦፍ ሆረርስ›› ይባላል፡፡ እኛ ‹‹የሰቀቀን መቃብር›› ብለነዋል፡፡ የተዘጋጀው በ1975 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ‹‹ያረጀ የጨዋታ መጽሐፍ ምን ያስጽፋችኋል?›› የምትሉን ካላችሁ፣ ያስጻፈን ወጥመዱ አይደለም፡፡ ወጥመዱን ያለፉት ሰዎች እንዴት እንዳለፉ ነው፡፡ እዚያ ለመድረስ ግን ከሥሩ መጀመር ሊኖርብን ነው፡፡

ሰሚው የሚመልስበት ተረት

እኛ ሰፈር ጨዋታ ሲባል ዳማ አለ፤ ገበጣ አለ፤ ካርታና ሉዶ አለ፡፡ ሁሉም አሸናፊና ተሸናፊ አላቸው፡፡ ‹‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›› የሚባለው ጨዋታ ግን ለተረት ይቀርባል፡፡ አንዱ ተራኪና መሪ ይሆናል፡፡ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ጦረኛ፣ ጠንቋይ፣ ካህን፣ ሌባ፡፡ ተራኪው ‹‹በር ፊት ደርሳችኋል›› ሲል ሰሚዎቹ ዝም ብለው አይሰሙም፤ ‹‹አንከፍተውም፣ በመጀመሪያ ጆሯችንን እንለጥፋለን›› ይላሉ፡፡ አጠራጣሪ የሆነውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል፡፡ ከአንድ ጀብዱ በሕይወት የተረፈ ገጸ ባሕርይ ልምድ ያካብታል፤ ልምዱ ሲጠራቀም ሌቭሉ ያድጋል፡፡ አንደኛ ሌቭል ላይ ያለ ሰው በአይጥ ንክሻ ሊሞት ይችላል፡፡ አሥራ አራተኛ ሌቭል የደረሰ ግን ዘንዶ ፊት ቆሞ ያፏጫል፡፡

ጨዋታውን ለዓለም ያወጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፡፡ ጋይጋክስ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፡፡ በ1970 ከሥራው ተሰናበተና ቤቱ ጫማ እየጠገነ፣ በትርፍ ሰዓቱ የጦርነት ጨዋታዎችን ሕግ ይጽፍ ጀመር፡፡ አርነሰን ደግሞ በጎረቤት ግዛት በሚኒሶታ ‹‹ብላክሙር›› በሚል ምናባዊ ዓለም ውስጥ ጓደኞቹን ከምድር በታች እያስገባ ያጫውት ነበር፡፡ የሁለቱ ሐሳብ ሲገናኝ በ1974 የመጀመሪያው ጨዋታ በ1,000 ቅጂ ብቻ ታተመ፡፡ አሳታሚው ጋይጋክስና የልጅነት ጓደኛው ዶን ኬይ በ1973 ያቋቋሙት ቲኤስአር የሚባል ድርጅት ነበር፡፡

ኃያላኑ አስቸገሩ

ዓመት ሳይሞላ አንድ ችግር መጣ፡፡ የጋይጋክስ የራሱ ተጫዋቾች ከልክ በላይ ጎበዙ፡፡ በተለይ ሁለቱ አልበገር አሉ፡፡ አንደኛው ሮብ ኩንትዝ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሮቢላር የሚባል ጦረኛ ነበር፡፡ ሁለተኛው የጋይጋክስ የገዛ ልጅ ኧርኒ ነው፤ የያዘው ገጸ ባሕርይ ጠንቋዩ ቴንሰር ነበር፡፡ ሁለቱ ያላሸነፉት ጭራቅ፣ ያልዘረፉት ግምጃ ቤት ጠፋ፡፡ በዚያ ላይ ከየቦታው ‹‹የእኔን ጀግና የሚጥል የለም›› የሚል ፉከራ ይሰማ ጀመር፡፡ እንዲህ ያለ ፉከራ ለጨዋታ መሪ ስድብ ነው፡፡

ጋይጋክስም መልሱን አዘጋጀ፡፡ መነሻ የሆነው አለን ሉሲየን የተባለ ተጫዋች የላከለት ‹‹የራ-ሆቴፕ መቃብር›› የተሰኘ ረቂቅ ነበር፡፡ ጋይጋክስ ያንን ይዞ የራሱን መቃብር ቆፈረ፡፡ ባለቤቱን አሴሬራክ አለው፤ ሞቶ ለመሞት እምቢ ያለ፣ ሥጋውና አጥንቱ አልቆ የራስ ቅሉ ብቻ የቀረ ጠንቋይ ነው፡፡ በሐምሌ 1975 በባልቲሞር ከተማ ‹‹ኦሪጂንስ›› የተባለው የጨዋታ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ መቃብሩ ለውድድር ቀረበ፡፡ በ1978 ደግሞ ከ10ኛ እስከ 14ኛ ሌቭል ለደረሱ ገጸ ባሕርያት የተዘጋጀ ተብሎ በመጽሐፍ ወጣ፡፡ ለተጫዋቾቹ የሚታዩ ሥዕሎችን የያዘ ራሱን የቻለ ደብተርም አብሮት ነበር፡፡ መሪው ‹‹ይህንን ታያላችሁ›› እያለ ሥዕሉን ያሳያል፤ አረንጓዴውን ፊት ጭምር፡፡

ግብፆቹ ቀድመው ሞክረውት ነበር

‹‹ራ-ሆቴፕ›› የሚለው ስም ወደ ግብፅ ይወስደናል፤ እውነተኛው ታሪክም ከልቦለዱ አያንስም፡፡ የዛሬ 3,800 ዓመት ገደማ የነገሠው ሣልሳዊ አመነምሃት ሐዋራ በሚባል ቦታ ባሠራው ፒራሚድ ውስጥ ሌባ የሚያሳብዱ ነገሮች አስደርጓል፡፡ መተላለፊያው ወርዶ ወርዶ ምንም መውጫ የሌለው ግድግዳ ላይ ያበቃል፡፡ እውነተኛው መንገድ ከጣሪያው በላይ ነው፤ በግዙፍ ተንሸራታች ድንጋይ ተዘግቷል፡፡ ሌላ መተላለፊያ ደግሞ የትም ሳያደርስ በድንጋይ ታጭቋል፤ ሌቦቹ እሱን በመቆፈር እንዲደክሙ ነው፡፡ የንጉሡ ክፍል ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝን ከተገመተ አንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፡፡ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1889 እዚያ ክፍል ሲደርስ ውኃ ሞልቶበት አገኘው፡፡ ሌቦቹ ግን ከሺህ ዓመታት በፊት ቀድመውት ገብተው፣ ዘርፈው፣ አቃጥለው ወጥተዋል፡፡

ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን አልሠራም? ከክርስቶስ ልደት 1,100 ዓመት ገደማ በፊት በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን የተጻፉ የፍርድ ቤት ፓፒረሶች ስለ ሌሎች መቃብሮች የሚሉት ነገር ፍንጭ ይሰጣል፡፡ በአንደኛው ላይ የእምነት ቃሉን የሰጠው ሰው የድንጋይ ጠራቢ ነበር፡፡ ከጓደኞቹ ጋር የአንድ ንጉሥና ንግሥት መቃብር ገብተው ወርቁን እንደተካፈሉ ይናገራል፡፡ ተይዞም ነበር፡፡ ድርሻውን 20 ዴበን ወርቅ፣ በእኛ መለኪያ ወደ 1.8 ኪሎ የሚጠጋ፣ ለአንድ ሹም ጸሐፊ ሰጠና ተለቀቀ፡፡ ተመልሶ ሲመጣ ጓደኞቹ ከየድርሻቸው አዋጥተው ካሱት፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ፡፡ (ጉቦ አዲስ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ያዙልን፡፡)

ድንጋይ ሰውን ሊያስቆም ይችላል፡፡ ድንጋይ የሚፈነቅል እጅ ያለውንና የሚያውቀውን ሰው ግን አያስቆምም፡፡ ጋይጋክስ ያወቀበት ወይም የገባው ነገር ይኸው ይመስለናል፤ የእሱን መቃብር የሚከፍተው ጉልበት ሳይሆን ዕውቀት ነው፡፡

መልሱ መሬት ላይ ተጽፏል

መቃብሩ በጥቋቁር ድንጋዮች የራስ ቅል የሚመስል ኮረብታ ሥር ነው፡፡ ሦስት መግቢያ አለው፡፡ አንዱ ሲነካ ጣሪያው ይደረመሳል፡፡ ሌላው ገብታችሁ ሳትወጡ በድንጋይ ግድግዳ ይዘጋል፡፡ ሦስተኛው ትክክለኛው ነው፤ እሱም ቢሆን ወለሉ ጉድጓድ ተሸክሟል፡፡ ውስጡ ጭራቅ በጣት የሚቆጠር ነው፡፡ ለሚመታ ሰው የሚመታ ነገር አልተዘጋጀለትም፡፡

በዚሁ መተላለፊያ ወለል ላይ ቀይ ጠጠር እየተጋደመ ወደ ውስጥ ይመራል፡፡ ጎንበስ ብሎ ያጠናው ሰው እዚያ ላይ የአሴሬራክን መልእክት ያገኛል፡፡ እንቆቅልሽ ነው፤ የመንገዱ ምሥጢር ግን ውስጡ አለ፡፡ እኛ ልጆች ሳለን ‹‹እንቆቅልህ›› ሲሉን ‹‹ምን አውቅልህ›› ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር ሰጥተን እንገላገል ነበር፡፡ ጎንደርን ሰጥተን፣ ሐረርን ሰጥተን፣ ተሰድበን እንስቃለን፡፡ አሴሬራክ ግን አገር አይቀበልም፡፡ የሚቀበለው የተጫዋቹን ዓመታት ነው፡፡

ለዚህም ነው የጨዋታው አርበኞች 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር የሚሆን ተራ እንጨት ከምትሃተኛ ሰይፍ አስበልጠው የሚይዙት፡፡ ሳይረግጡ ወለሉን ይነካኩበታል፡፡ በሰው እጅ ፋንታ አፍ ውስጥ ይከቱበታል፡፡ አረንጓዴው ፊት አፍ ውስጥ የገባ እንጨት ጫፉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ያ ቁራጭ የሰው ሕይወት ያተረፈ ቁራጭ ነው፡፡

ከሁሉም የሚገርመን ግን የውሸት ድሉ ነው፡፡ ከመቃብሩ መጨረሻ በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ዘውድ የደፋ ሬሳ ተኝቷል፡፡ ይነሳል፤ ይዋጋል፤ ይሸነፋል፡፡ ወዲያው ቦታው ይንቀጠቀጣል፤ ጣሪያው ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል፡፡ መሪው ቀስ እያለ እስከ 10 እንዲቆጥር ተነግሮታል፡፡ ተጫዋቾቹ ነፍሴ አውጪኝ ብለው ከወጡ ‹‹በጣም ከበዳችሁ እንዴ?›› ብሎ እንዲጠይቃቸውም ተመክሯል፡፡ እውነቱ ሬሳው ተራ ሬሳ፣ መንቀጥቀጡም የዓይን ማታለያ መሆኑ ነው፡፡ እውነተኛው አሴሬራክ አልተነካም፡፡ ስንት ቡድን ተቃቅፎ፣ ድግስ ደግሶ፣ ሳያሸንፍ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆን? የውሸት ድል ከሽንፈት ይከፋል፤ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ተመልሶ ሊሞክር ይችላል፡፡

እስከ መጨረሻው የደረሰ ደግሞ አንድ የራስ ቅል ያገኛል፡፡ ዓይኖቹና ጥርሶቹ ዕንቁ ናቸው፡፡ ካልነኩት ከቦታው አይነሳም፡፡ ነገር ግን እዚያ ድረስ መጥቶ ዕንቁ የማይነካ ጀግና ከየት ይመጣል? ሲነካ ደግሞ የሰው ነፍስ ተመጥጣ ዕንቁው ውስጥ ትታሠራለች፡፡

ዝናው

‹‹ግፍ ነው›› የሚሉ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ ክርክራቸውም ውኃ ይቋጥራል፡፡ ዳይስ እንኳን ሳይጣል የሚወሰን ሞት ከጨዋታ ይልቅ ቅጣት ይመስላል፡፡ ሌሎቹ ደግሞ ‹‹ተመለሱ ያላችሁ እኮ የለም፤ መውጫው ከኋላችሁ ክፍት ነበር›› ይላሉ፡፡ ክርክሩ ሳያልቅ መቃብሩ ዝነኛ ሆነ፡፡ በ1998 ብሩስ ኮርዴል ተከታዩን ጻፈለት፡፡ በ2004 ‹‹ደንጀን›› መጽሔት ከምንጊዜም ምርጥ ጀብዱዎች ሦስተኛ አደረገው፡፡ በ2011 የወጣው የኧርነስት ክላይን ልቦለድ ‹‹ሬዲ ፕሌየር ዋን›› ዋና ገጸ ባሕርዩን እዚሁ መቃብር ውስጥ አስገብቶ ከአሴሬራክ ጋር የድሮ የቪዲዮ ጌም አጫወተው፡፡ በ2017 ደግሞ ለአምስተኛው የጨዋታው እትም ተስተካክሎ እንደገና ታተመ፡፡ ጋይጋክስ ራሱ በ1985 ካቋቋመው ድርጅት ተገፍቶ ወጥቷል፤ በመጋቢት 2008 ደግሞ በ69 ዓመቱ አርፏል፡፡ የራስ ቅሉ ግን አሁንም እንግዳ ይቀበላል፡፡

ጅብን ሲወጉ

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስ፡፡ መቃብሩ የተቆፈረው ለሮቢላርና ለቴንሰር ነው ብለናል፡፡ ታዲያ ሞቱ?

አልሞቱም፡፡ ሮብ ኩንትዝ ሮቢላርን ይዞ ያለ ጓደኛ ብቻውን ገባ፤ በአራት ሰዓት ውስጥም የመጨረሻው ክፍል ደረሰ፡፡ የራስ ቅሉን ሊዋጋ አልሞከረም፤ ሀብቱን ምትሃተኛ ከረጢቱ ውስጥ ጠራርጎ ከትቶ አመለጠ፡፡ ቴንሰርም በሕይወት ወጥቷል፡፡ የማይሸነፉት ሳይሸነፉ ቀሩ፡፡

‹‹ብቻውን ገባ›› ስንል ግን ዋሽተናል፡፡ ሮቢላር ኦርክ የሚባሉ ሎሌዎች ነበሩት፡፡ ፊት ፊት ያስኬዳቸው ነበር፡፡ ወጥመዱ የት እንዳለ የተማረው እነሱ ሲያልቁ እያየ ነው፡፡ የሮቢላር 3 ሜትር እንጨት ነፍስ ነበረው፡፡

አባቶቻችን ‹‹ጅብን ሲወጉ በአህያ ተጠግቶ ነው›› ይላሉ፡፡ ብልህ ምክር ነው፤ አህያዋን የጠየቃት ግን የለም፡፡ ከሮቢላር በኋላም ይህ ዘዴ በተጫዋቾች መሐል የታወቀ ሆኗል፡፡ የበግ መንጋ ገዝተን መቃብሩ ውስጥ ነዳነው የሚሉ አሉ፡፡ ምርኮኛ ያስቀደሙ አሉ፡፡ በቀን ሂሳብ የቀጠሩትን ተሸካሚ ‹‹እስኪ በሩን ግፋው›› ያሉ አሉ፡፡ ሕጉ አይከለክልም፡፡ ሁሉም ሲያወሩት ይስቃሉ፡፡

እኛም ስቀናል፡፡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመሐላችን አንዱ ሳሎን ተሰብስበን መቃብሩን ሞከርነው፡፡ ዳይስ ስላልነበረን በስልክ ነበር የምንጥለው፡፡ ሦስተኛው ቡና ላይ አረንጓዴው ፊት ጋ ደረስን፡፡ ተያየን፡፡ ‹‹አንተ ግባ፡፡›› ‹‹አንቺ ለምን አትገቢም?›› ‹‹እኔ ከሞትኩ ማን ያክማችኋል?›› ሁሉም የሚሳሳለት ሌቭል አለው፡፡ በመጨረሻ ሁላችንም ባንድ ላይ ወደ አንድ ሰው ዞርን፤ ከመንደር የቀጠርነው ችቦ ያዥ፡፡ ሌቭል የለውም፡፡ ወረቀት እንኳን አልተጻፈለትም፡፡ ‹‹ችቦህን ይዘህ ገባ በልና እየው›› አልነው፡፡

የምትመራን ጓደኛችን ወዲያው ‹‹ሞተ›› አላለችም፡፡ ‹‹ስሙ ማን ነበር?›› አለችን፡፡

ጸጥ አልን፡፡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርሃን የያዘልንን ሰው ስሙን አንዳችንም አላወጣንለትም ነበር፡፡ አንደኛችን ‹‹ጨዋታ እኮ ነው›› አለ፡፡ እውነቱን ነው፤ ጨዋታ ነው፡፡ ይሁንና ከዚያ በኋላ ቡናው አልጣመንም፡፡

ጋይጋክስ ይህን መቃብር የቆፈረው ‹‹እኔ ትልቅ ነኝ›› ለሚሉ ነበር፡፡ ለእነሱ የሚሆን አስተማሪ ወጥመድም አበጅቷል፤ ቁጥርህ አያድንህም፣ ጎንበስ በል፣ አንብብ፣ ጠይቅ፣ ካልቻልክ ተመለስ፡፡ ለእኛ ከዚህ የተሻለ የኃያላን ትምህርት ቤት በጨዋታ ዓለም አልተሠራም፡፡ ነገር ግን ኃያሉ አንድ የማይማርበት መንገድ አለው፤ ሌላውን አስቀድሞ፣ የሌላውን ሞት እንደ ካርታ እያነበበ መሄድ፡፡ እንዲህ ያለፈ ሰው ከመቃብሩ የሚወጣው እንደገባ ነው፤ የጨመረው ነገር ቢኖር ወርቅ ነው፡፡ የሮቢላርን ታሪክ ሲያወሩ ሮቢላር ይነሳል፤ ያስቀደማቸው ኦርኮች በቁጥር እንኳን አይነሱም፡፡

ይህን ለማየት መቃብር መግባት አያስፈልግም፡፡ በየሥራ ቦታው፣ በየሰልፉ፣ በየጦርነቱ ‹‹እስኪ ሂድና እየው›› የሚል ትልቅ ሰውና ችቦ የያዘ ትንሽ ሰው አሉ፡፡ የመጀመሪያው ሲያልፍ ጎበዝ ተባለ፤ ሁለተኛው ወረቀት አልተጻፈለትም፡፡

እኛ እንደገና ልንገባ ቀጠሮ ይዘናል፡፡ 3 ሜትር እንጨት ገዝተናል፤ በጨዋታው ውስጥ ርካሽ ዕቃ ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን ለችቦ ያዡ ስምና ወረቀት እናወጣለታለን፤ አረንጓዴው ፊት ጋ ስንደርስም ‹‹ማን ይቅደም?›› የሚለውን ጥያቄ እሱም አብሮን ይከራከርበታል፡፡ ብዙ የምንቆይ አይመስለንም፤ ምናልባት መጀመሪያው ክፍል ላይ ሁላችንም እናልቅ ይሆናል፡፡